ለሴት ታካሚ የልብ ባይፓስ፦ ማለፊያው ደም ሥር ከደረት፣ ከክንድ ወይስ ከእግር ይወሰድ?

የልብ ባይፓስ የተወሰነላት እናት ስትኖር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትድናለች ወይ?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ የወጪው ነገር ይነሳል። የሚቀጠለው ደም ሥር ከየት እንደሚወሰድ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጉዳዩ ለሐኪሙ ብቻ የሚተው ይመስላል። ዳሩ ግን ያ ደም ሥር ከአሥር ዓመት በኋላ ክፍት ሆኖ መገኘት አለመገኘቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ከየት መወሰዱ ነው። በሴቶች ዘንድ ደግሞ ሒሳቡ ከወንዶች ትንሽ ይለያል። ውሳኔው የታካሚዋና የቀዶ ሐኪሟ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ውይይት ስትገቡ ምን እንደምትጠይቁ ለማሳየት ነው።

ባይፓስ ማለት የተዘጋውን የልብ ደም ሥር መጥረግ አይደለም። ከሌላ የሰውነት ክፍል ደም ሥር ተወስዶ ከመዘጊያው ወዲያ ባለው ክፍት ክፍል ላይ ይሰፋል፤ ደሙም መዘጊያውን ዘሎ ያልፋል። ሐኪሞች ይህን ተቀጣይ ደም ሥር ግራፍት ይሉታል። ግራፍቱ ከደም ቅዳ ወይም ከደም መልስ ሊሆን ይችላል። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም በከፍተኛ ግፊት የሚሸከም፣ ግድግዳው ጡንቻማ የሆነ ነው። ደም መልስ ግን በዝቅተኛ ግፊት ደም ወደ ልብ የሚመልስ ስስ ነው። የምርጫው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ሁለቱም መንገዶች ዕድሜ አላቸው። ሶቪየታዊው ቀዶ ሐኪም ቫሲሊ ኮሌሶቭ በ1964 ሌኒንግራድ ውስጥ የደረት ደም ቅዳን ከልብ ደም ሥር ጋር ሰፋ። አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ ደግሞ በ1967 በአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የእግርን ደም መልስ መጠቀም ጀመረ። የእግሩ ለማውጣት ቀላል፣ ረጅምና በቂ ስለሆነ ዓለምን ያዳረሰው እሱ ነበር። ነገሩን የገለበጠው በ1986 ከዚያው ከክሊቭላንድ የወጣ ጥናት ነው፤ ለዋናው የልብ ደም ሥር የደረት ደም ቅዳ የተሰፋላቸው ሰዎች በአሥር ዓመት ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የእግር ደም መልስ ብቻ ከተጠቀሙት ይበልጥ ነበር።

የግራው የደረት ደም ቅዳ፦ እዚህ ላይ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል

ከደረት አጥንት ጀርባ በግራና በቀኝ ሁለት ደም ቅዳዎች ይወርዳሉ። የግራውን ሐኪሞች «ሊማ» ይሉታል። በልብ ፊት ለፊት ለሚወርደውና ኤልኤዲ ለሚባለው ትልቅ ደም ሥር የሚሰፋው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያለው ጫፉ ሳይቆረጥ የታችኛው ጫፉ ብቻ ወደ ልብ ይዞራል። ስብ የሚጋገርበት እምብዛም ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ክፍት ሆነው ይገኛሉ።

ስለዚህ «ለእናቴ ሊማ ይደረግላታል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠበቀው መልስ «አዎ» ነው። «አይ» ከተባለ ምክንያቱ በግልጽ ይነገራችሁ። በቂ የሆኑ ምክንያቶች አሉ። በግራ ጡት ላይ ለካንሰር ጨረር የተሰጣት ሴት ደም ቅዳው ተጎድቶባት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከፋይሉ ውስጥ የሚጠፋ፣ እሷ ራሷ ካልተናገረች የማይነሳ ታሪክ ነው። ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ትልቅ ደም ቅዳ ጠቦ ከሆነም ሊማው በቂ ደም አያገኝም። የግራና የቀኝ ክንድ ደም ግፊት በጣም ከተለያየ አንድ ምልክት ነውና ሁለቱንም ክንድ ማስለካት ቀላሉ ነገር ነው። በድንገተኛ፣ ሕይወት በደቂቃዎች በተንጠለጠለበት ቀዶ ሕክምናም አንዳንዴ ሐኪሙ ሊማውን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም።

«ሴት ስለሆነች ደም ሥሯ ቀጭን ነው» የሚለው ግን ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና መዝገቦች እንደሚያሳዩት ሴቶች ሊማን የሚያገኙት ከወንዶች ትንሽ ባነሰ መጠን ነው፤ ሌሎቹን የደም ቅዳ ግራፍቶች ደግሞ ከዚያም ባነሰ። የሴቶች የልብ ደም ሥር በአማካይ ቀጭን መሆኑ እውነት ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ስፌቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል የሚለው ነው፤ የተሻለው ግራፍት ይቅር የሚያሰኝ አይደለም።

እውነተኛው ምርጫ ሁለተኛው ግራፍት ላይ ነው

ብዙ ጊዜ የሚዘጋው አንድ ደም ሥር ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ይሆናል። ሊማው ኤልኤዲውን ከያዘ በኋላ ለጎንና ለኋላ ላሉት ምን ይሰፋ? ሦስት መንገድ አለ።

*ከእግር።* ሳፊነስ የሚባለው ደም መልስ ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት በእግር ውስጠኛው ጎን ይሄዳል። ከአንዱ እግር ሁለትና ሦስት ግራፍት ይወጣል፤ ሥራው ፈጣን ነው፤ በጠና ለታመመች ሴት ፍጥነቱ ራሱ ሕይወት ነው። ችግሩ በዝቅተኛ ግፊት የኖረ ስስ ግድግዳ በድንገት የደም ቅዳ ግፊት ሲጫንበት መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ወር የደም መርጋት፣ በመጀመሪያው ዓመት የውስጥ ግድግዳው መወፈር፣ ከዚያ በኋላ ስብ መጋገር ይከተለዋል። በተለያዩ ጥናቶች ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋሉ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይዘጋሉ ወይም ክፉኛ ይጠብባሉ።

ሴቶች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የእግር ቁስሉ። በእግር ላይ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት ረጅም ቁስል ስኳር ላለባትና ሰውነቷ ወፈር ላለ ሴት ብዙ ጊዜ ከደረቱ ቁስል ይልቅ ያስቸግራል፦ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠርዙ ይከፈታል። በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ማውጣት የቁስሉን ኢንፌክሽን ይቀንሳል። በአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2019 የወጣ ትልቅ ሙከራ የልብ ውጤቱ ከተለመደው አወጣጥ እንደማይለይ፣ የእግር ኢንፌክሽኑ ግን ከ3.1 በመቶ ወደ 1.4 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ! የእግር ቁስል ይበልጥ የሚያሠቃየው ሴቶችን ሆኖ ሳለ ማስረጃው ከወንዶች እግር የተገኘ ነው። ከስዊድን ኦሬብሮ የተነሳ ሌላ ዘዴ ደግሞ አለ፤ ደም መልሱ በዙሪያው ካለው ስብ ጋር ሳይላጥና ሳይነፋ ይወጣል። ግራፍቱን ይበልጥ ያቆይ እንደሆነ ጥናቶች አልተስማሙም፤ የእግሩን ቁስል ግን ያከብደዋል።

በእግሯ ላይ ያበጡና የተጠማዘዙ ደም ሥሮች ያሉባት፣ ወይም ቀደም ብላ እነሱን ያስወጣች ሴት ለሐኪሙ አስቀድማ ትናገር። በዋዜማው በአልትራሳውንድ የደም መልሱን ውፍረትና መንገድ ምልክት ማስደረግም ጥሩ ነው፤ እግሩ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ መስመር በማግሥቱ አላስፈላጊ ቁርጥን ያስቀራል።

*ከክንድ።* ነርሷ የልብ ምት የምትቆጥርበት፣ በአውራ ጣት በኩል በእጅ አንጓ ላይ የሚመታው ደም ሥር ራዲያል ይባላል። ፈረንሳዊው አላን ካርፐንቲየ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞክሮት ቶሎ ቶሎ እየተኮማተረና እየተዘጋ ስላስቸገረ ተተወ። የአወጣጡ ጥንቃቄና ደም ሥር የሚያላሉት መድኃኒቶች ሲሻሻሉ ግን ተመለሰ። ስድስት የዕጣ ሙከራዎችን፣ ማለትም ማን የትኛውን ግራፍት እንደሚያገኝ በዕጣ የተመደበባቸውን ጥናቶች፣ አንድ ላይ ያሰባሰበውና በ2018 የወጣው ትንተና 1,036 ሰዎችን ይዞ ራዲያልን ከእግር ደም መልስ ጋር አወዳደረ። በአምስት ዓመት ገደማ የመዘጋት አደጋው ከግማሽ በታች ነበር፤ ሞት፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃትና ድጋሚ ሕክምና አንድ ላይ ሲቆጠሩ በሲሶ ያህል ቀነሱ። በ2020 የወጣው የአሥር ዓመት ክትትልም ጥቅሙ እንዳልጠፋ አሳየ። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ጥቅሙ በተለይ ጎልቶ የታየው በሴቶች፣ ከ75 ዓመት በታች በሆኑትና ኩላሊታቸው ጤነኛ በሆኑት ላይ ነበር። ከተሳታፊዎቹ ሴቶቹ ሲሶ እንኳ ስለማይሞሉ ይህን እንደ መጨረሻ ፍርድ አልወስደውም። ቢሆንም «የሴት ክንድ ደም ሥር ቀጭን ነው፣ አይሆንም» ለሚለው ልማድ በቂ መልስ ነው።

በ2021 የአሜሪካ የልብ ማኅበራት ያወጡት መመሪያም ለሁለተኛው ዋና ደም ሥር ከእግር ይልቅ ራዲያልን ያስቀድማል። መመሪያው ለወንድና ለሴት አልለየም።

ራዲያል የማይሆንባቸውን ሁኔታዎች ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የተቀጠለበት የልብ ደም ሥር በደንብ ያልጠበበ ከሆነ ነው። በነባሩ መንገድ ደም በበቂ የሚያልፍ ከሆነ ራዲያሉ ሥራ ያጣና ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ቢያንስ 70 በመቶ፣ በቀኙ በኩል ላለው ደግሞ 90 በመቶ ገደማ መጥበብን ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ኩላሊቷ እየደከመ ያለች ሴት ናት፤ ነገ ለእጥበት የሚያስፈልገው ደም ሥር በዚያው ክንድ ላይ ነው። ሦስተኛው በቅዝቃዜ ጣቶቿ የሚነጡና የሚጠቁሩባት ሴት ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ በሴቶች ይበዛል። አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ የልብ ደም ሥር ምርመራው ራሱ አሁን አሁን የሚደረገው በእጅ አንጓ በኩል ነው። ቱቦ የገባበት ራዲያል ለግራፍት አይመረጥም። ባይፓስ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረ የግራው ክንድ ከምርመራውም ከደም መቅጃ መርፌም እንዲጠበቅ አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል።

ክንዱ ይበቃ እንደሆነ የሚፈተነው በቀላል መንገድ ነው። እጇን ትጨብጣለች፤ ሐኪሙ በአንጓዋ ላይ ሁለቱንም ደም ሥሮች ተጭኖ ይይዛል፤ ስትከፍተው መዳፏ ነጥቶ ይታያል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ሲለቅቀው መዳፉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከቀላ፣ ያ ደም ሥር ብቻውን እጁን ይቀልባል ማለት ነው። በአልትራሳውንድ ማረጋገጥ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። የሚወሰደው ብዙ ከማትሠራበት እጅ ነው፤ ስለዚህ ሊጥ የምታሸው፣ ምጣድ ላይ የምታዞረው በየትኛው እጅ እንደሆነ እሷ ራሷ ትጠየቅ። ከአውራ ጣት ጀርባ ለተወሰኑ ወራት መደንዘዝ ሊኖር ይችላል፤ እጁ ግን ኃይሉን አያጣም።

*የቀኙ የደረት ደም ቅዳ።* እንደ ግራው ረጅም ዕድሜ ያለው ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ይሻላል። በሥራ ላይ ሲታይ ግን ሁለቱም የደረት ደም ቅዳዎች ሲነሱ ለደረት አጥንቱ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ አጥንቱ ሳይገጥም ሊቀር ወይም ኢንፌክሽን ሊገባበት ይችላል። በእንግሊዙ ዴቪድ ታጋርት የተመራውና 3,102 ታካሚዎችን የያዘው ትልቅ ሙከራ በ2019 የአሥር ዓመት ውጤቱን ሲያወጣ ሁለቱንም የደረት ደም ቅዳዎች እንዲያገኙ በተመደቡትና አንዱን ብቻ እንዲያገኙ በተመደቡት መካከል የሞት ልዩነት አልታየም፦ 20.3 በመቶና 21.2 በመቶ። ያልታየበት አንዱ ምክንያት የምርጫው መደበላለቅ ነው፤ ሁለቱን ደም ቅዳዎች እንዲያገኙ ከተመደቡት ውስጥ 14 በመቶ ያህሉ አንዱን ብቻ አገኙ፤ አንዱን ብቻ ከተመደቡት ውስጥ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ራዲያል ተጨመረላቸው። ሴቶቹ ከጠቅላላው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ስኳር ያለባት፣ ወፍራም የሆነች፣ የሳንባ ሕመም ያለባት ወይም ስቴሮይድ የምትወስድ ሴት ከሆነች የቀኙን የደረት ደም ቅዳ አልመርጥላትም። ትልልቅ ጡት ያላት ሴት ላይ የጡቱ ክብደት የደረቱን ስፌት ወደ ጎን ስለሚስበው አደጋው ይጨምራል። በየትኛውም ግራፍት ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በፊት የሚቆለፍ፣ ሽቦ የሌለው፣ ደጋፊ ጡት መያዣ ቀንም ሌትም መልበስ ከብዙ መድኃኒት የማይተናነስ ነገር ነው፤ ወንድ ሐኪሞች ስለማያነሱት ብዙ ጊዜ ነርሷ ናት የምትነግራቸው። በአንጻሩ የ50 ዓመት፣ ስኳር የሌለባት፣ ቀጠን ያለች ሴት ብዙ ጊዜ ይህን በሚሠራ ቀዶ ሐኪም እጅ ከሆነች የቀኙ ደም ቅዳ ሊታሰብ ይችላል። ደም ቅዳው ከዙሪያው ሥጋ ተለይቶ ብቻውን ከወጣ ለደረቱ የሚቀረው ደም ይሻላል። ቁልፉ ቃል «ብዙ ጊዜ የሚሠራ» የሚለው ነው። ሐኪሙን «በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ሴቶች ያለው ማስረጃ ለምን ይቃረናል?

በአሜሪካ ከ2011 እስከ 2020 ከተደረጉት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ባይፓሶች ውስጥ በሴቶች ላይ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን የደረሰው ሞት 2.8 በመቶ፣ በወንዶች 1.7 በመቶ ነበር። በአሥሩ ዓመት ውስጥ ልዩነቱ አልጠበበም። ሴቶች ወደ ቀዶ ሕክምና የሚደርሱት በዕድሜ ገፍተው፣ ስኳርና ደም ማነስ ይዘው፣ ብዙ ጊዜም ዘግይተው ነው። ደረት ላይ ተጭኖ የሚያም ሕመም ሳይሆን ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም ይዘው ሲመጡ «የጨጓራ ነው፣ የጭንቀት ነው» ተብለው የሚመለሱ አሉ።

ይህ ጫና ግራፍት ምርጫውን ሲነካው ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ከኒው ዮርክ ግዛት መዝገብ ከ63 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያየ ጥናት በ2021 ሲወጣ፣ ከአንድ በላይ የደም ቅዳ ግራፍት ያገኙ ወንዶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ጨመረ፤ በሴቶች ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ይህን ይዘው «ለሴት አይጠቅማትም» የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ አላነበውም። አደጋቸው ከፍ ባለ ታካሚዎች ላይ፣ ሴትም ይሁኑ ወንድ፣ የተጨማሪ ደም ቅዳ ጥቅም ይደበዝዛል፤ ለአሥር ዓመት የሚቆይ ግራፍት የሚጠቅመው አሥር ዓመት ለሚኖር ሰው ነውና። ሴቶች ደግሞ በዚያ ቡድን ውስጥ ይበዛሉ። እንዲሁም መዝገብ ማን ለምን ያንን ግራፍት እንዳገኘ አይናገርም፤ ዕጣ ብቻ ነው ይህን የሚፈታው። በሴቶች ብቻ የሚካሄድ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሴቶችን የሚይዝ፣ አንድ የደም ቅዳ ግራፍትን ከብዙ ጋር የሚያወዳድር ዓለም አቀፍ የዕጣ ሙከራ «ሮማ ዊሜን» በሚል ስም የተጀመረውም ለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ከ75 በታች ሆና ኩላሊቷ ደህና ለሆነች ሴት፣ ሁለተኛው ደም ሥር በደንብ ከጠበበ፦ ሊማና ራዲያል፣ ለቀሪው የእግር። ስኳርና ውፍረት ቢኖራትም ራዲያል የደረት አጥንቱን ስለማይነካ ምርጫው አይለወጥም፤ እንዲያውም የእግሩን ቁስል ያሳጥርላታል። ለ80 ዓመት ባልቴት፣ ኩላሊታቸው ለደከመ ወይም በጣም ተዳክመው ለሚገቡ ግን ሊማና የእግር ደም መልስ ይበቃል፤ ቀዶ ሕክምናውን ማሳጠር ይበልጥባቸዋል።

ከእሷ ተደብቆ የሚወሰን ነገር

በእኛ ዘንድ ሐኪሙ የሚያነጋግረው ብዙ ጊዜ ልጆቹን ነው፤ ኮሪደር ላይ። «እማዬ እንዳትደነግጥብን» ተብሎ ነገሩ ይለዝብላታል። ልማዱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ጡቷ ላይ የወሰደችውን ጨረር፣ በብርድ የሚነጡ ጣቶቿን፣ ከዓመታት በፊት ያስወጣችውን የእግር ደም ሥር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «እማዬ፣ ከክንድሽ ደም ሥር ሊወስዱ ነው፣ የትኛውን እጅሽን ትመርጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ አያስደነግጥም።

ከሆስፒታል ስትወጣ

የተሻለው ግራፍት ያለ መድኃኒት አይቆይም። አስፕሪን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጀመራል፤ በሐኪም ካልታዘዘ በስተቀር አይቆምም። ስታቲንም እንዲሁ፣ ኮሌስትሮሏ «ጥሩ ነው» ቢባል እንኳ። ራዲያል ከተሰፋላት ደም ሥሩ እንዳይኮማተር አምሎዲፒን ወይም ዲልቲያዜም ቢያንስ ለወራት፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ይታዘዛል፤ ደም ግፊቷ ስለወረደ ብቻ በሌላ ክሊኒክ እንዳይቋረጥባት ለምን እንደታዘዘ ይጻፍላት።

ባንኮክ፣ ዴልሂ ወይም ኢስታንቡል ሄደው የሚታከሙ ብዙ ቤተሰቦች ሲመለሱ የሚይዙት ደረሰኝና የመድኃኒት ዝርዝር ነው። መያዝ ያለበት የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት ነው፦ ስንት ግራፍት፣ ከየት የተወሰደ፣ በየትኛው የልብ ደም ሥር ላይ የተሰፋ፣ ሊማው ጥቅም ላይ ውሎ እንደሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደረቷን ቢያማት፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ቱቦ የሚያስገባው ሐኪም ያንን ወረቀት ካላገኘ የትኛውን ግራፍት የት እንደሚፈልግ ሳያውቅ ደም ሥሩን በራጅ ለማየት የሚሰጠውን ቀለም አብዝቶ ብዙ ጊዜም ያባክናል፤ ቀለሙ ደግሞ ኩላሊቷን ይጎዳል። ፎቶ አንስታችሁ በሁለት ልጆች ስልክ ላይ አስቀምጡት።